የደመላሽ መዳብ

ሞላሌ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀጋ ደመላሽ፤ ቶሪኖ፣ ጣልያን።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። በሰው አገር የሠራሽው ይባረክ። የእኔን ጤና ከጠየቅሽ፣ አርባ ዓመት ያስፈጨሁበት ወፍጮ ጆሮዬን ወስዶታል፤ ሌላው አካሌ የራሴ ነው። ስልክ ደውለሽልኝ ነበር አሉ። እኔ የሰማሁት የንብ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዘጋሁት። ከእንግዲህ የምትነግሪኝ ካለ በወረቀት ይሁን። አዲስ አበባ ሱቅ ያለው ባስልዮስ ያንቺን ከስልኩ ላይ አትሞ በአውቶቡስ ሾፌር ይልክልኛል። የእኔንም በፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

ጉዳዩ ይህ ነው። የአባትሽ መኪና፣ ትንሿ ፊያት ሰይቼንቶ፣ ከጭድ ቤቴ ወጥታለች። ከቆመች ሰባት ዓመት ሊሆናት ነው። የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ሲፈለፈል ኖሯል። ወለሏን ዝገት ስለበላው ተቀምጠሽ መሬቱ ይታይሻል። ምስክር የሚባለው በያጅ መጥቶ አያትና፣ «ጋሼ፣ ይቺ ወንፊት እንጂ መኪና አይደለችም፤ ዱቄት ይንፉባት» አለኝ። «አንተ በይድ፤ ዱቄቱን እኔ ከወፍጮ አመጣለሁ» አልኩት። አሁን ከዘይት በርሜል ላሜራ እየቆረጠ ወለሏን ይለብጣል።

ግንቦት 12 ቀን የአባትሽ ሰባተኛ ሙት ዓመት ነው። በዚያ ቀን እናትሽን በዚህች መኪና አሳፍሬ ሚካኤል ደጅ አቆማታለሁ ብያለሁ። ያልኩትን ታውቂያለሽ፤ አላጥፍም።

የጎደለኝ አንድ ነገር ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን። ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው። ጓርኒሲዮኑ በራሱና በአካሉ መሐል ይገባል፤ እሳቱንና ውሃውን የሚለየው እሱ ነው። እዚህ የለም፤ አዲስ አበባም አስፈልጌ አጣሁ። አንቺ መኪናዋ የተወለደችበት ከተማ ነሽ። ሊብሬው የተሠራችበትን ዘመን 1957 ይላል። በዚያ ፈልጊልኝ። ገንዘብ እንዳትልኪ፤ ገንዘብ አልጠየቅሁም። ጎማውን በሁለት ሙክት ተገላግዬዋለሁ።

እናትሽ ደህና ናት። ትናንት ብቅል አስጥታ ነበር።

የአባትሽ የአጎት ልጅ
ወንዳፈራሁ


ቶሪኖ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2024

ለማከብርዎ ለጋሼ ወንዳፈራሁ፤

እንደምን ሰነበቱ? ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንብቤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። መኪናዋ ለቁርጥራጭ ብረት ተሽጣ አልቃለች ብዬ ነበር የማስበው። አባዬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ በነፃ ሲያወርዳት አሁንም ይታየኛል።

እኔ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ሲኞር ኤቶሬ ይባላሉ፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው መኪና ሲገጣጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። የልጃቸው ስም ጠፍቶባቸዋል። የሰይቼንቶን ነገር ሳነሳባቸው ግን አልጋቸው ላይ ተነሥተው ተቀመጡ። መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «የበሩ ማጠፊያ ከፊት ነው ወይስ ከኋላ?» ብለው ነው። እኔ አላስታወስኩም። እባክዎ ይጻፉልኝ።

ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ በዚህ ዕድሜዎ ብረት ሥር ተኝተው ብርድ አይምታዎት። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ለዕለቱ ደህና የኮንትራት መኪና ልከራይላችሁ እችላለሁ።

እናቴን ስለ መኪናው በስልክ ነገርኳት። «የትኛው መኪና?» አለችኝ። መርሳት ጀመራት እንዴ?

ልጅዎ ፀጋ


ሞላሌ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀጋ ደመላሽ፤

ገብርኤል ከክፉ ይሰውርሽ። ትናንት አንግሠን ገባን።

ደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽው ቀን የፈረንጅ ነው። እኔ ዘንድ የገባው ዘመን 2017 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሰው አገር የኖረ ሰው ዘመኑን መልቀቅ የለበትም።

ኮንትራት መኪና የሚባል ነገር ዳግም እንዳታነሽብኝ። አባትሽ የኮንትራት መኪና አልነበረውም። የራሱ ነበረችው።

በር አልጠየቅሁሽም። በር አለኝ፤ ሁለት። የጠየቅሁሽ ጓርኒሲዮን ነው። ሽማግሌውን እግዜር ይማራቸው።

የበረደ ቀን ብረቱ ጣት ይዞ አይለቅም። ከቅዳሴ መልስ ጀምሬ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ እሠራለሁ። ዝገቱን በአሸዋና በነጭ ጋዝ እያሸሁ ነው። ከሥሩ ጤነኛ ብረት ሲወጣ ደስ ይላል፤ አንዳንዱ ቦታ ግን ስታሺው ቀዳዳ ብቻ ነው የሚወጣው። ወንበሩን በበግ ፀጉር ሞልቼ ባና አለበስኩት። ምስክር ተቀመጠበትና «ይሄስ ከአልጋዬ ይሻላል፤ ሚስቴን ይዤ ልምጣ?» አለ። ባለጌ ነው፤ እጁ ግን ቀጥ ያለ ነው።

እናትሽ አልረሳችም። እናትሽ የምትረሳ ሰው አይደለችም። ደህና ናት። በጠዋት ከጣሪያዋ ጢስ ይወጣል።

ወንዳፈራሁ


ቶሪኖ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025

ለማከብርዎ ለጋሼ ወንዳፈራሁ፤

ጥምቀት እንዴት አለፈ? እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከተራውን በስልክ አየሁት።

አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሰው አግኝተናል። ሲኞር ኤቶሬ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ካልሄድኩ ብለው በዝናብ ገፋኋቸው። ሻጩም መጀመሪያ የጠየቀን ያንኑ የበሩን ነገር ነው። እንዲህ ነው አሉ፤ የ1957 ሥሪት ከሆነች ማጠፊያው ከኋላ መሆን አለበት። ማጠፊያው ከፊት ከሆነ ግን በኋላ የተሠራች ናት፤ የሞተሯም ልክ ሌላ ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ። ሻጩ የተሸጠ ዕቃ አይመልስም።

ሌላም የምጠይቅዎት አለኝ። እናቴን «ጋሼ ወንዳፈራሁ እንዴት ናቸው?» ስላት «ደህና መሰለኝ፤ ዶሮ ሲያባርር ይሰማኛል» ትለኛለች። እርስዎም ስለ እሷ የሚጽፉልኝ ብቅል ማስጣቷንና ጢሷን ነው። ምን እንዳለች፣ ምን እንደበላች ጽፈውልኝ አያውቁም። አጥር ለአጥር እየኖራችሁ አንዳችሁ ካንዳችሁ ቤት አትገቡም?

ልጅዎ ፀጋ


ሞላሌ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀጋ ደመላሽ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

መልሴ የዘገየው መንገድ ተዘግቶ ነው ብዬ ልጽፍልሽ እችል ነበር። መንገዱ አሥር ቀን ብቻ ነው የተዘጋው። ሌላውን ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ስለተቆጣሁ።

ይቺን መኪና ሠላሳ ዓመት ፈትቼ ገጥሜያታለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የወፍጮውን ሞተር እያየሁ ነው የተማርኩት፤ ያላየሁትን ደግሞ አበላሽቼ ተማርኩ። አሁን ከቶሪኖ ድረስ ስለ በር ማጠፊያ እፈተናለሁ። ወንዳፈራሁ በመኪና አይፈተንም። ሊብሬው ማኅተም አለበት፤ 1957 ይላል። የሽማግሌ ትዝታ ከማኅተም አይበልጥም። በ1957 ግዢና ላኪ።

ቀለሙ አልቋል። አባትሽ የሚወደውን የሰማይ ቀለም አጥቼ አረንጓዴ ቀባኋት። ፍሬኑ ይይዛል። የቀረኝ ያው አንዱ ነው፤ የቀረኝ ቀን ደግሞ ሁለት ወር ከስምንት ነው።

እናትሽ ደህና ናት። አጥሯን አሳድሳለች።

ወንዳፈራሁ


ቶሪኖ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2025

ለጋሼ ወንዳፈራሁ፤

ጓርኒሲዮኑን ገዝተን በመሲ እጅ ልኬያለሁ። መሲ አብራኝ የምትሠራ፣ ከዚያው ከእናንተ አቅራቢያ የዘመሮ ልጅ ናት፤ ለፋሲካ ወደ ቤተሰቧ ትመጣለች። በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌ፣ እንዳይታጠፍ በልብሷ ጠቅልዬላታለሁ። መሲ ከመሄዷ በፊት ሲኞር ኤቶሬ ዕቃው ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ እያለቀሱ ነበር።

እሑድ እናቴን «ለሙት ዓመቱ ከጋሼ ጋር በመኪና ትሄጃለሽ አይደል?» አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ። እናቴ ስልክ ዘግታብኝ አታውቅም። መልሼ ብደውል አላነሳችም።

በእናንተ መሐል ምን ሆኖ ነው? ስለ በሩ እንዳደረጉት ይህንንም ዝም እንዳይሉኝ።

ፀጋ


ሞላሌ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀጋ ደመላሽ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

መሲ ዕቃውን በእጄ ሰጠችኝ። ጨዋ ልጅ ናት። ስትሄድ ጠብቄ ከካርቶኑ አወጣሁትና ሞተሩ ላይ ዘረጋሁት። አይገባም። የብሎኑ ቀዳዳ ሁሉ ልክ ነው፤ ፒስተኑ የሚመላለስባቸው አራቱ ትልልቅ ቀዳዳዎች ግን በሁለት ሚሊ ይጠባሉ። ጠርዙ እሳቱ ውስጥ ይገባል። ብሞርደው ጫፉ ይፈታል። ሁለት ቀን ሙሉ አየሁት። ስላየሁት አልሰፋም።

ስድስት ወር ጠበቅሁ። አንድ ዕቃ፣ አንድ ቁጥር ሰጥቼሽ ነበር። እዚህ ማንበብ የማይችል ሰው ብልክ እንኳ ቁጥሩን አሳይቶ ያመጣልኝ ነበር። ሻጩ ያታለላችሁ እንደሆነ አላውቅም። ሽማግሌሽ የሚያለቅሱትን ያህል ቢያዩ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ሌላ ፈልጊ። ሃያ ስድስት ቀን ቀርቷል።

እናትሽ ደህና ናት።

ወንዳፈራሁ


ቶሪኖ፣ ሜይ 3 ቀን 2025

ለጋሼ ወንዳፈራሁ፤

ደብዳቤዎን ለሲኞር ኤቶሬ እየተረጎምኩ ሳነብላቸው መሐል ላይ ቆምኩ። 1957 የሚለውን ሊብሬ የጻፈው የእኛ አገር ሰው ነው። የእኛ 1957 እዚህ 1964 እና 65 ነው። እኔ በፈረንጅ አስቤ ገዛሁት። ቀን ስጽፍ የተቆጡኝ እርስዎ ነበሩ፤ እውነትዎን ነው፤ ዘመኔን ለቅቄያለሁ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው።

ነገር ግን ሲኞር ኤቶሬ የዘመን አቆጣጠራችንን አያውቁም። መኪናዋን ያላዩ ሰው ናቸው፤ በአንድ ጥያቄ ሊያገኟት ነበር። ሁለት ጊዜ ጻፍኩልዎት። የሚመልሱልኝ አንድ ቃል ነበር።

እናቴ ትናንት ስልኩን አነሳች። ሁሉንም ነገረችኝ። ያኔም የተበላሸው ይኸው ጓርኒሲዮን ስለነበር፣ አባዬ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ በእጅ ከመዳብ እንዳስቆረጠው። እርስዎ «በመቀስ የተቆረጠ ነገር ሞተር ውስጥ አላስገባም፤ ዋናው ይምጣ» እንዳሉት። «ወንዴ፣ መኪናዋ ሁለት ቀን ብትሠራልኝ ይበቃኛል» እያለ ሦስት ወር እንደለመነዎት። ግንቦት 12 ጠዋት ሆዱን ይዞ ሲወድቅ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር። መኪናዋ እርስዎ ቤት ጆንያ ላይ ተበትና ነበር። ጎረቤቶች በቃሬዛ አውጥተውት መንገድ ዳር መኪና ጠበቁለት። እኩለ ቀን ሳይሆን አለፈ።

ለእኔ «ድንገት ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር» ነበር የተባልኩት። ይህን የጻፉልኝ እርስዎ ነበሩ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

ሌላ ዕቃ አልልክም። ዋናውን ይጠብቁ።

ፀጋ ደመላሽ


ሞላሌ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀጋ ደመላሽ፤

ጤና ይስጥሽ። ከዚህ የረዘመ ሰላምታ ከእኔ እንደማትፈልጊ አውቃለሁ።

እናትሽ የነገረችሽ ሁሉ እውነት ነው። እሷ የማታውቀውን አንድ ነገር እኔ ልጨምርልሽ። ቃሬዛው በደጄ ሲያልፍ አባትሽ «አውርዱኝ» አለ። አወረዱት። ጆንያው ላይ የተበተነውን ሞተር አየና፣ «ወንዴ፣ አሁንም አልተገጠመችም?» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ። ያኔ ጆሮዬ ይሰማ ነበር። መፍቻ በእጄ ነበር። አንስተው ሄዱ።

ደብዳቤሽ ግንቦት 4 ቀን ደረሰኝ። ሦስት ቀን ብረት አልነካሁም። በአራተኛው ቀን የአባትሽን መዳብ ከጭድ ቤቱ ምሰሶ ላይ አወረድኩት። ሰባት ዓመት ከሚስማር ላይ አልተነሣም። ጭድ ባስገባሁ ባወጣሁ ቁጥር ትከሻዬን ሲነካኝ ኖሯል። አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። በሎሚና በአመድ አሸሁት። እሳት ውስጥ ከትቼ ሲቀላ ውሃ ነከርኩት፤ መዳብ እንደዚያ ነው የሚለሰልሰው። ሞተሩ ላይ ዘረጋሁት። ቀዳዳው ሁሉ ልክ ነው። መቀሱ ጫፉ ላይ ከተወው ጥርስ በቀር እንከን የለበትም። እንከን ፈልጌ ነበር።

ቴስታታውን ጭኜ አሰርኩ። ምስክርና ሁለት ጎረቤቶች ገፉልኝ። በሦስተኛው ግፊት ምስክር እየዘለለ መጣና ጆሮዬ ላይ «ተነሣች! ጋሼ፣ ተነሣች እኮ!» ብሎ ጮኸ። እኔ በውስጥ እግሬ ሰምቻት ነበር። የገበያውን ዳገት ሦስት ጊዜ አወጣኋት። እጄን ራዲያተሯ ላይ ጫንኩ። ውሃ አላፈላችም። ጭስ አላወጣችም።

ያኔም ትሠራ ነበር፣ ፀጋ። ሁለት ቀን አይደለም፤ ዓመት ትሠራ ነበር።

ግንቦት 12 ጠዋት ከእናትሽ አጥር በር ላይ አቆምኳት። ምስክር አብሮኝ ነበር። እናትሽ የሙት ዓመቱን ዳቦ በመሶብ ተሸክማ ወጣች። ወርጄ በሩን ከፈትኩላት። ቆማ መኪናዋን ከጎማ እስከ ጣሪያ አየቻት። ከዚያ ተናገረች። ሰባት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው፤ አሁንም አልሰማሁትም። ወደ ምስክር ዞርኩ።

«ምን አለች?»

«በምን ገጠምካት ነው የሚሉት!» ብሎ ጮኸልኝ።

«በመዳቡ» አልኳት።

«በደመላሽ?»

ይህን ከከንፈሯ አነበብኩት። «በደመላሽ» አልኳት።

መሶቡን ከራሷ አውርዳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። እንዳይንሸራተት በባናው ጫፍ ደገፈችው። በሩን ራሷ ዘጋችው። ምስክር የነገረኝ ቃሏ ይህ ነው፤ «ዳቦውን አድርስለት። እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

ጉልበቷን እያመማት በእግሯ ሄደች። እኔ በአንደኛ ማርሽ ከኋላዋ ተከተልኩ። እሷ ስታርፍ አቆምኩ። እሷ ስትሄድ ሄድኩ። ሕዝቡ ቆሞ ያይ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም። ሚካኤል ደጅ ስንደርስ መሶቡን አንስታ ገባች። ወደ እኔ አልዞረችም። እኔም ከቅጽሩ አልገባሁም፤ መኪናዋን አቆማለሁ እንጂ እገባለሁ አላልኩም ነበር።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ከዚያ ቅጽር ውስጥ ተኝቷል። ቁልፉንና ሊብሬውን ለእናትሽ በምስክር እጅ ልኬያለሁ። ተቀብላዋለች። መኪናዋ በአጥሯ ውስጥ ናት። እስክትመጪ ዝናብ እንዳይገባባት ምስክር ቆርቆሮ ይመታላታል።

እናትሽ ደህና ናት ብዬ ስጽፍልሽ የኖርኩት በአጥር ቀዳዳ አይቼ ነው። ከእንግዲህ ከእሷ ስሚ።

ለሲኞር ኤቶሬ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለጥያቄያቸው መልስ አለብኝ። ማጠፊያው ከፊት ነው። ጥቅምት ስጽፍልሽም አውቀው ነበር።

ወንዳፈራሁ